ፍትሐት ለሞተ ሰው ብቻ ነውን?

በአዴትና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች «ፍትሐት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ለቅሶ ቤትን ነው። ቃሉ ግን በሕይወት ላለውም ትልቅ ተስፋ የያዘ ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱን ማረም ይገባል።

ተረት፦ ፍትሐት የሙታን ጸሎት ብቻ ነው።
እውነታ፦ በመጽሐፈ ግንዘት ለሞተ ሰው የሚደርሰው ጸሎት ፍትሐት መባሉ ልክ ነው። ቃሉ ግን «ፈትሐ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ከኃጢአት እስራት መፈታት ማለት ነው። በቅዳሴ «ፍትሐት ዘወልድ» የሚደገመው ቆሞ ለሚያስቀድሰው ሕዝብ ነው። ገበሬው መንገድ ላይ ቄስ ሲያገኝ «አባ ይፍቱኝ» ብሎ መስቀል የሚሳለመውም ለራሱ ነፍስ ነው።

ተረት፦ ይቅር የሚለው ቄሱ ነው።
እውነታ፦ የካህኑን መልስ ልብ በሉ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላል እንጂ «ፈታሁህ» አይልም። የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ከጌታ የተሰጠ ነው (ማቴ. 18፥18)፤ ይቅርታው ግን የእግዚአብሔር ነው።

ተረት፦ ቀኖናውን የፈጸመ ዕዳ የለበትም።
እውነታ፦ በስቅለት ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ቸብ እያደረገ ስግደት ይጨምርልናል፤ እንዲህ ያለው ቀኖና ለነፍስ መድኃኒት ነው፤ የጎረቤትን ንብረት ግን አይተካም። የጎረቤቱን ድንበር የገፋ ሰው መሬቱን መመለስ አለበት። ዘኬዎስም የቀማውን አራት እጥፍ ልመልስ ብሏል (ሉቃ. 19፥8)። ደም ከተቃቡም ሽማግሌ ተልኮ እርቅ መውረድ አለበት።

ተረት፦ ንስሐና ቁርባን ለሽማግሌ ነው።
እውነታ፦ ብዙ ጎልማሳ «ከቆረብኩ በኋላ ብሳሳትስ» ብሎ ይፈራል። የወደቀ ሰው ግን ደግሞ ይነሣል፤ ንስሐ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሞት ቀጠሮ የለውምና እርጅናን መጠበቅ አደገኛ ነው።

ተረት፦ ተዝካር ካልተደገሰ ነፍስ አትማርም።
እውነታ፦ ሰው ከሞተ በኋላ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን የሚጠቅመው ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ለድሃ የሚሰጠው ምጽዋት ነው። በሬ ሸጦ ወይም ተበድሮ መደገስ የምሕረት ግዴታ አይደለም፤ ለልጆች የሚተርፈው ዕዳ ነው።

እንግዲህ የነፍስ አባታችንን ለቀብራችን ብቻ አንጥራቸው። የበደልነውን ሰው ደጅ ቀድመን እንርገጥ፤ ከዚያ በቁማችን «ይፍቱኝ» እንበል።