የጡት ቀዶ ሕክምና እና የተበሳ አካል፦ ባልና ሚስት ሊያውቁት የሚገባ

በአገራችን የሴት ልጅ ጆሮ በሕፃንነቷ መበሳቱ የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ደግሞ በከተሞች አፍንጫቸውን፣ የላይኛውን የጆሮ ክፍል፣ እምብርታቸውን፣ አልፎ አልፎም የጡታቸውን ጫፍ የሚበሱ አሉ። በሌላ በኩል ጡታቸው ከመጠን በላይ ከብዶ ትከሻና ጀርባቸውን ስላሳመማቸው ለማስቀነስ፣ ወይም ከወሊድና ከማጥባት በኋላ የጡታቸውን ቅርጽ ለማስተካከል ወይም መጠኑን ለማስጨመር ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ እናቶች አሉ። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል? ይህ ጽሑፍ ይህንን ያብራራል።

ትንሽ ቀዳዳ ለምን ያሳስባል?

በቆዳችን ላይ ዘወትር የሚኖሩ ተሕዋስያን አሉ። ቆዳው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ አይጎዱንም። አዲስ የተበሳ ቦታ ግን ቁስል ነው፤ ለተሕዋስያኑም በር ይከፍታል። የጆሮ ሥር ለመዳን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል። የላይኛው የጆሮ ክፍልና አፍንጫ በርካታ ወራት ይወስዳሉ። እምብርትና የጡት ጫፍ ደግሞ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ውጪው የዳነ መስሎ ውስጡ ገና ቁስል ሊሆን ይችላል።

ጡትን ለማስተለቅ የሲሊኮን ከረጢት ከተደረገ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ከረጢቱ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ተሕዋስያን ካረፉበት የሰውነት መከላከያም ሆነ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስባቸውም። በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ ከረጢቱን ማውጣትና ቁስሉ እስኪድን ወራት መጠበቅ ግድ ይሆናል። በአንዲት ቀለበት ምክንያት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛ ወጪና ሁለተኛ ሕመም ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት

የተበሳ ቦታዎን ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ። በተለይ የጡት ጫፍና እምብርት የተበሱ ሴቶች በኀፍረት ይደብቁታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና ከሐኪም አይደብቁ። ባለቤትዎ የማያውቁት ነገር ካለ ሐኪሙን ለብቻ ማነጋገር መብትዎ ነው።

ከጆሮዎ መበሳት በኋላ ከቀዳዳው አልፎ ያደገ ወፍራም ጠባሳ ወጥቶብዎት ከሆነም ይናገሩ። እንዲህ ያለ ጠባሳ የሚወጣበት ቆዳ በጡት ስፌት ላይም ተመሳሳይ ነገር ሊያሳይ ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

በቅርቡ የተበሳ ወይም መግል የያዘ ቦታ ካለ ቀዶ ሕክምናው እስኪድን ድረስ ሊዘገይ ይገባል። አስቸኳይ ባልሆነ ሕክምና መዘግየት ጉዳት የለውም።

በዕለቱ ጌጣጌጥ ሁሉ ይወልቃል። ደም ለማቆም የሚያገለግለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ብረት ባለበት ቆዳ ላይ ቃጠሎ ሊያስከትል ይችላል። የምላስና የአፍንጫ ጌጥ ደግሞ በማደንዘዣ ወቅት ወልቆ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ሊገባ ይችላል። ቀዳዳው እንዳይደፈን የሚሰጉ ከሆነ ብረት ያልሆነ መተኪያ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

የወሊድ መከላከያዎስ?

ኤስትሮጅን ያለበትን ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ መንገር አይርሱ። ይህ ክኒን ደም በሥር ውስጥ የመርጋቱን ዕድል ከፍ ያደርጋል። ከባድና ለረጅም ጊዜ የሚያስተኛ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ሐኪሙ ከ4 ሳምንት ያህል በፊት እንዲያቋርጡ ሊያዝ ይችላል። በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጡ። ሲያቋርጡም በምትኩ ኮንዶም ወይም ኤስትሮጅን የሌለበትን ሌላ ዘዴ ይጀምሩ። አለበለዚያ ያልታሰበ እርግዝና ሊመጣ ይችላል፤ እርግዝና ደግሞ የጡትን ቅርጽ እንደገና ይለውጣል። ሉፕ ወይም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ ለቀዶ ሕክምናው ተብሎ ማስወጣት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

በቅርቡ ልጅ ለመውለድ ካሰባችሁም አስቀድማችሁ ተመካከሩ። ጡት ማስቀነስ ወደፊት የሚገኘውን የወተት መጠን ሊቀንስ ይችላል። የጡት ጫፍ ጌጥም ሕፃን በሚጠባበት ጊዜ መውለቅ አለበት፤ ሕፃኑን ሊያንቀው ይችላልና።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

የጆሮ ጉትቻ በሐኪም ፈቃድ ቶሎ ሊመለስ ይችላል። የጡት ጫፍ ጌጥን ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይመልሱ። ቀዳዳው ቢደፈን ይደፈን፤ የጡትዎ ጤንነት ይበልጣል። የእምብርት ጌጥ ደግሞ ከጡት መደገፊያው ልብስና ከፋሻው ጋር እንዳይያያዝ ይጠንቀቁ።

አዲስ ለመበሳት አይቸኩሉ። ጡት ጫፍን በተመለከተ ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ 6 ወር፣ አንዳንዶቹም 1 ዓመት መጠበቅን ይመክራሉ። የሚበሳዎት ሰው ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መርፌ መጠቀሙንም ያረጋግጡ። በጋራ መርፌ ኤችአይቪና የጉበት በሽታ ይተላለፋሉ።

የተበሳውን ቦታ ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። አንድ አራተኛ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ኩባያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጠው በንጹሕ ጨርቅ ያጥቡት። ይህ ለተበሳው ቦታ ብቻ ነው፤ የቀዶ ሕክምናው ስፌት በሐኪሙ መመሪያ ብቻ ይያዛል። ቅቤ፣ ፌጦ ወይም ነጭ ሽንኩርት በሁለቱም ላይ አያድርጉ።

ለባሎች

ባለቤትዎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነገር ማንሣት የለባቸውም። ውኃ መቅዳቱን፣ ልጅ ማቀፉንና የገበያውን ዕቃ መሸከሙን እርስዎ ይውሰዱ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ጡታቸውን አይንኩ። በአፍ ውስጥ ብዙ ተሕዋስያን ስለሚኖሩ የተበሳውንም ሆነ የተሰፋውን ቦታ አፍ እንዳይነካው። ይህ ፍቅርን መንፈግ ሳይሆን መንከባከብ ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

• 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት
• እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም ሙቀት
• መግል ወይም መጥፎ ሽታ
• አንዱ ጡት በድንገት ከሌላው ይልቅ ማበጡና መወጠሩ
• የአንድ እግር ባት ማበጥና መታመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት

የመጨረሻው ደም መርጋቱን ሊያመለክት ስለሚችል ለነገ አይባልም። ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ። በውጭ አገር ታክመው የተመለሱ ከሆነ ያከመዎትን ሐኪም እስኪያገኙ አይጠብቁ፤ የሕክምና ወረቀትዎን ይዘው እዚሁ ይታዩ።

ጌጥ ሁልጊዜ ይደርሳል፤ ገላ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ባልና ሚስት አብራችሁ ወደ ክሊኒኩ ብቅ በሉ፤ ስለ መከላከያውም ሆነ ስለ ወደፊት ልጃችሁ ከባለሙያ ጋር ተወያዩ።