በወንዝ አሸዋ ላይ ስለሚፈለፍሉ ወፎች ጥበቃ

የእርሻ ሥራ መሬትን ማረስና እህልን ማምረት ብቻ አይደለም፤ በመሬቱና በውኃው ላይ የሚኖረውን ፍጥረት ዐውቆ መጠበቅም ከእርሻ ሥራ የሚቈጠር ነው። ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንት ብዙ ጊዜ ከማይታሰብበት ከአንድ ነገር ላይ፣ ይኸውም በወንዝ አሸዋ ላይ ዕንቁላላቸውን ከሚጥሉ ወፎች ላይ፣ ዐይናቸውን እንዲጥሉ ይህን ጽፈናል።

ክረምት ካለፈ በኋላ ብዙዎቹ ወንዞቻችን ውኃቸው ይቀንስና በሰፊው አሸዋ መካከል በብዙ ጅረት ተከፋፍለው፣ እንደ ሹሩባ እየተገመዱና እየተፈቱ ይወርዳሉ። በጅረቶቹ መካከል የአሸዋና የጠጠር ደሴት ይቀራል። ይህ ለሰው ባዶ መሬት ይመስለዋል፤ ለአንዳንድ ወፎች ግን ቤታቸው ነው። በደጋው ወንዞች ዳር የሚታየው፣ በደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ትንሽ ወፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዕንቁላል በጠጠር መካከል ይጥላል፤ ቀለሙም ከጠጠሩ ስለሚመሳሰል በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው አያየውም።

ከእነዚህ ወፎች ሁሉ ጠባዩ የሚያስደንቀው በጋምቤላ በባሮ ወንዝ የሚኖረው ነው። ሊቃውንት ፕሉቪያኑስ ኤጊፕቲዩስ ብለው ሲጠሩት ሌላው ሰው የአዞ ወፍ ይለዋል። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ አንድ ወፍ ወደ አዞ አፍ እየገባ አልቅት ይለቅማል ብሎ ስለ ጻፈ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ይህን በእርግጥ አየሁ የሚል የታመነ ምስክር አልተገኘም። እውነተኛው ነገር ከተረቱ ይበልጣል። ቶማስ ሐውል የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1969 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር 1977) በበጋው ወራት በባሮ ዳር ተቀምጠው ይህን ወፍ ተመለከቱ፤ ያዩትንም ከሁለት ዓመት በኋላ በመጽሐፍ አወጡ።

ወፉ ሁለት ወይም ሦስት ዕንቁላል ጥሎ በአሸዋ ይቀብረዋል። በቀትር የአሸዋው ፊት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚህ ሙቀት ዕንቁላሉ ይሞታል። ስለዚህ ወንዱም ሴቱም እየተፈራረቁ ወደ ውኃ ወርደው የሆዳቸውን ላባ ይነክራሉ፤ ተመልሰውም በተቀበረው ዕንቁላል ላይ ተቀምጠው አሸዋውን ያርሳሉ። በዚህ ድካም በዕንቁላሉ ዙሪያ ያለው ሙቀት 37 ዲግሪ ተኩል ያህል ሆኖ ይቈያል። ይህም አንድ ወር ያህል ይፈጃል። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም አደጋ ሲመጣ ወላጆቻቸው በምንቃራቸው አሸዋ እየበተኑ ይሸፍኗቸዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሰው ወይም ከብት በቀትር በደሴቱ ላይ ሲቈይ ወፉ ሸሽቶ ይርቃል፤ አሸዋው ይደርቃል፤ ዕንቁላሉንም ማንም ሳይነካው ፀሐይ ይገድለዋል። ይህ ወፍ በስሙ የግብፅ ሲባል በግብፅ ምድር ግን ዛሬ አይፈለፍልም። እኛ ዘንድ ሳለ መጠበቅ ይሻላል።

ነገሩ የጋምቤላ ብቻ አይደለም። በመቀሌ ከተማ፣ በቀዳማይ ወያነም ሆነ በሌላው ክፍለ ከተማ፣ ቤት ሲሠራ አሸዋ ያስፈልጋል። የመቀሌው ኢላላ ወደ ገባ፣ ገባም ወደ ተከዜ ይወርዳልና ከላይ የተደረገው ለታች ይተርፋል። አሸዋ ማውጣት የብዙ ወጣቶች እንጀራ ስለ ሆነ ፈጽሞ ይከልከል አንልም። ሥርዐት ይኑረው እንላለን፤ ሥርዐቱም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ወፎች ዕንቁላል የጣሉበት ደሴት ተለይቶ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ይተው፤ አሸዋው ከሌላ ስፍራ ይውጣ፤ ካሚዮኖችም በአንድ መንገድ ብቻ ይግቡ።

ሁለተኛ፤ ከብት ውኃ ሳይጠጣ አይኖርምና የሚወርድበት ስፍራ ከሽማግሌዎች ጋር ተመክሮ ይወሰን።

ሦስተኛ፤ መምህራን ልጆች ዕንቁላል እንዳይለቅሙና ውሻ ይዘው በደሴቱ እንዳይመላለሱ ያስተምሩ።

አራተኛ፤ የእርሻ ሠራተኞች በማለዳ ከሩቅ ሆነው በመነጽር ይመልከቱ፤ ቀኑን፣ ስፍራውን፣ የወፎቹን ቍጥር ይመዝግቡ፤ ወደ ዕንቁላሉ ግን አይቅረቡ። መዝገቡ በየዓመቱ ሲተያይ ወፎቹ መብዛታቸው ወይም ማነሳቸው ይታወቃል።

በኒው ዚላንድ አገር በእንደዚህ ያሉ ወንዞች ብቻ የሚፈለፍል፣ ምንቃሩ ወደ ቀኝ የታጠፈ ወፍ አለ፤ ሕዝቡም ስፍራውን በምልክት እየለየና አውሬ እያጠመደ ይጠብቀዋል። በእኛም አገር የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541/1999 ወጥቷል። ነገር ግን አዋጅ በወንዝ ዳር ቆሞ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ስፍራውን የሚያውቅ የአገሩ ሰውና የሚያስተባብረው ሹም ነው። ወፉ የሚለምነው ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ያለውን ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህንም ጊዜ መስጠት ለማንም አይከብድም።