የፌዴራል በጀት፦ ከብሩ ብዛት ይልቅ ድርሻው

የኢትዮጵያ ፌዴራል መንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ገንዘቡ ለአራት ይከፈላል፤ ለመደበኛ ወጪ፣ ለካፒታል ወጪ፣ ለክልሎች ድጎማ እና ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ። ረቂቁን ገንዘብ ሚኒስቴር ያዘጋጀዋል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተወያይቶ ይመራዋል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቀዋል። በየዓመቱ ዜና የሚሆነው ጠቅላላ ድምሩ ነው። መንግሥት ምን እንዳስቀደመ የሚታወቀው ግን ድምሩ ለአራቱ ከተከፈለበት ድርሻ ነው።

የ2016 በጀት 801.65 ቢሊዮን ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 369.6 ቢሊዮኑ ለመደበኛ፣ 203.9 ቢሊዮኑ ለካፒታል፣ 214 ቢሊዮን ያህሉ ለክልሎች፣ 14 ቢሊዮኑ ለዘላቂ ልማት ግቦች ተመደበ። በ2017 ጠቅላላው 971.2 ቢሊዮን፣ የክልሎች ድጎማ ደግሞ 222.7 ቢሊዮን ሆነ። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሲደርስ ወደ 1.2 ትሪሊዮን የሚጠጋው ለመደበኛ ወጪ፣ 415 ቢሊዮን ያህሉ ለካፒታል፣ 315 ቢሊዮን ያህሉ ለክልሎች ተያዘ። በብር ሲቆጠር የክልሎች ድጎማ ከዓመት ዓመት አድጓል። በድርሻ ሲታይ ግን በ2016 ወደ 27 በመቶ የነበረው በ2017 ወደ 23፣ በ2018 ወደ 16 በመቶ ወርዷል። የመደበኛ ወጪ ድርሻ በዚያው ጊዜ ከ46 ወደ 61 በመቶ ከፍ ብሏል።

ለዘላቂ ልማት ግቦች የተያዘው ገንዘብ በሦስቱም ዓመታት 14 ቢሊዮን ብር ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር አለፈ። ለአንድ የገጠር ውሃ ሥራ ከውጭ የሚመጣውን ፓምፕ ለመግዛት ሲታሰብ፣ ያው 14 ቢሊዮን ብር የቀድሞውን ግማሽ እንኳ አይገዛም። ማንም «ይቀነስ» ሳይል ተቀንሷል። የዋጋ ንረት ባለበት አገር ወጪ የሚቆረጥበት ዋናው መንገድ ይህ ነው፤ ክርክር ስለማያስነሳም ከሁሉ አደገኛው ነው።

የክልሎች ድርሻ መቀነስ የበለጠ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ የግብርና ልማት ሠራተኞች በፌዴራል ሳይሆን በክልልና በወረዳ በጀት ነው የሚተዳደሩት። ክልሎች የራሳቸውን ግብር ቢሰበስቡም፣ ከአዲስ አበባ በቀር አብዛኞቹ ዋና ወጪያቸውን የሚሸፍኑት በድጎማው ነው። ድጎማው በየትኛው ቀመር እንደሚከፋፈል የሚወስነው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ቀመሩም የክልሉን የወጪ ፍላጎትና ገቢ የማመንጨት አቅም ያመዛዝናል። ቀመሩ ግን የሚያከፋፍለው የተሰጠውን ነው። የሚከፋፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ስንት ይሁን የሚለው ከዚያ አስቀድሞ በፌዴራሉ በጀት ተወስኗል። የዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ መከበሩ መመዘን ያለበት በብሩ ቁጥር ሳይሆን ብሩ በሚገዛው አገልግሎት ነው።

ዓለም አቀፍ መመዘኛዎችም እዚህ ላይ ያሳስታሉ። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. አቡጃ ላይ ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ማፑቶ ላይ 10 በመቶውን ለግብርና ለመመደብ ቃል ገብተዋል። ለትምህርት የሚመከረው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። የኢትዮጵያን አፈጻጸም በፌዴራሉ በጀት ብቻ የሚለካ ሰው ውጤቱን ያዛባል፤ በፌዴራል ደረጃ የሚታየው የትምህርት ወጪ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲዎች ነውና። የፌዴራሉና የክልሎቹ ሒሳብ ተዳምሮ፣ ድጎማውም ሁለቴ ሳይቆጠር መታየት አለበት።

«ካፒታል ልማት ነው፣ መደበኛ ፍጆታ ነው» የሚለው የተለመደ አነጋገር ድልድሉን ለመረዳት ሌላው መሰናክል ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት የሠለጠኑ ሴቶችን መደበ። የክትባት፣ የወባ መከላከልና የእናቶች ክትትል ሥራው የቆመው በደመወዝና በመድኃኒት፣ ማለትም በመደበኛ ወጪ ላይ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ውስጥ በ1992 ዓ.ም. ጥናት 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 67 ሆኑ። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም፤ የእነዚህ ሠራተኞች ድርሻ ግን በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በተቃራኒው ሕንፃው ተሠርቶ ባለሙያ ያልተመደበለት ጤና ኬላ በካፒታል በጀት ተመዝግቦ ማንንም ሳያክም ይቀመጣል። ስለዚህ የመደበኛ ወጪ ድርሻ ማደጉ ብቻውን ክፉም ደግም አይደለም፤ ውስጡ መታየት አለበት። የመምህር ደመወዝ፣ የመከላከያ ወጪና የዕዳ ክፍያ ሁሉም የሚገኙት እዚያ ነው። ዕዳ ደግሞ ቀነ ገደብ ያለው ግዴታ በመሆኑ ከማንኛውም ፕሮግራም ቀድሞ ይወስዳል። ዛሬ በብድር የሚሞላ የበጀት ጉድለት የሚመጡት ዓመታት ምክር ቤቶች የሚደለድሉትን ገንዘብ ያሳንሳል።

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ክፍፍሉ በምን ቅደም ተከተል ይሁን ቢባል፣ ሊዘገዩ የማይችሉት መቅደም አለባቸው። ክትባት ያመለጠው ሕፃንና በረሃብ ምክንያት ትምህርት ያቋረጠ ተማሪ በሚቀጥለው በጀት አይካሱም፤ አንድ መንገድ ግን ዓመት ቢቆይም ሊሠራ ይችላል። ቀጥሎ የተሠራው ማንቀሳቀሻ ማግኘት፣ የተጀመረውም ማለቅ አለበት። አዲስ ፕሮጀክት የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ሲሆን፣ ሲፈቀድም የግንባታው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ካለቀ በኋላ በየዓመቱ የሚጠይቀው ወጪ አብሮ መቅረብ ይኖርበታል። የክልሎች ድጎማም በየዓመቱ በድርድር ከሚወሰን የብር መጠን ይልቅ፣ ከፌዴራል ገቢ ጋር በተቆራኘ ዝቅተኛ ድርሻ ቢታሰር ወረዳዎች የመምህራንና የነርሶች ቅጥራቸውን አስቀድመው ማቀድ ይችላሉ።

የጸደቀው ክፍፍል ዓመቱን ሙሉ እንዳለ ላይቆይም ይችላል። በ2017 ዓመቱ ሳይጋመስ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸድቋል፤ ይህም ከመነሻው በጀት ግማሽ በላይ ነው። በሌላ በኩል ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ሰኔ መጨረሻ ላይ ወደ ግምጃ ቤት ስለሚመለስ፣ መሥሪያ ቤቶች በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግዥ ያጣድፋሉ። እያንዳንዱ ፕሮግራም የተመደበለትን ድርሻ ለታለመለት ሥራ ማዋሉን የሚመረምረው የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሲሆን፣ ግኝቱን የሚያቀርበው በጀቱን ላጸደቀው ለዚያው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የቀጣዩ ዓመት ድልድል ሲጸድቅ የኦዲት ግኝቱ ከረቂቁ ጋር ጠረጴዛ ላይ መኖር አለበት።