ብረት ሲዝል፤ በሺሺንዳ መንገድና ጣሪያ ላይ

ጥቅምት ሲጠባ በካፋ ቡና መቅላት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ የሺሺንዳን ከተማ የሚያቋርጠው መኪና ይበዛል። እሸቱ ከየቀበሌው ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይጓጓዛል፤ ከሚዛንና ከበበቃ የተጫነው ደግሞ ሺሺንዳንና ውሽውሽን አልፎ በቦንጋ፣ በጎጀብና በጅማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ያመራል። በዚሁ ወቅት ክሪክ ገብቶለት መንገድ ዳር የቆመ አይሱዙ ማየት የተለመደ ነው። ባሌስትራው ተሰብሯል። ሾፌሩን ምን እንደ ደረሰ ቢጠይቁት የሚነግርዎት ስለ መጨረሻው ጉድጓድ ነው፤ እዚያች ላይ ሲያርፍ "ጓ!" ብሎ ተሰበረ ይላል።

ሾፌሩ የሰማው ድምፅ እውነት ነው፤ ጉድጓዱ ግን የሰጠው የመጨረሻውን ምት ብቻ ነው። የተሰበረውን የባሌስትራ ቅጠል አንስቶ ስባሪውን ያገላበጠ ሰው ሁለት መልክ ያገኝበታል። አንዱ ክፍል ለስላሳ ነው፤ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት የሚከታተሉ መስመሮች አሉበት፤ አንዳንዴም ዝጎ ቀልቷል። ሌላው ክፍል እንደ ተፈረከሰ አሞሌ ጨው ሻካራና የሚያብረቀርቅ ነው። ሻካራው ዛሬ ጠዋት የተሰበረው ነው። ለስላሳው ከሳምንታት፣ ምናልባትም ከወራት በፊት ጀምሮ ቀስ እያለ ሲሰነጠቅ የቆየው ነው። ዝገት በአንድ ጠዋት አይመጣምና ሾፌሩ ያን ስንጥቅ ይዞ ስንት ጊዜ ጅማ ደርሶ እንደ ተመለሰ ማሰብ ያስፈራል።

መሐንዲሶች ይህን "የብረት ድካም" ይሉታል። ነገሩን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የቡና ማድረቂያ አልጋ ሲሠራ ፒንሳ ያጣ ሰው ሽቦውን ወዲያና ወዲህ እያጠፈ ይበጥሰዋል። ያው ሽቦ ቢጎተት የሰው ጉልበት አይበጥሰውም። አንድ ጊዜ ቢታጠፍም ምንም አይሆንም። የሚበጥሰው መመላለሱ ነው። ሽቦው በአሥርና በሃያ እጥፋት ይበጠሳል፤ ባሌስትራው፣ ሻንሲው፣ የወፍጮው ዘንግ ግን እጅግ ባነሰ ኃይል እጅግ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለሱ ሺህና ሚሊዮን ይቆጥራሉ።

ጉዳዩ በመጀመሪያ የተመረመረው በማዕድን ጉድጓድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው የውጭ አገር ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ጀርመናዊው ዊልሄልም አልበርት በ1829 አካባቢ የማዕድን ማውጫ ሰንሰለቶችን ደጋግሞ እየጫነና እያወረደ ይፈትን ነበር። ዓለምን ያስደነገጠው ግን ባቡር ነው። ግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይጓዝ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከ50 ሰው በላይ አለቀ። በዘመኑ ብዙዎች "ብረቱ በመንቀጥቀጥ ብዛት ውስጡ ወደ ፍርክስ ድንጋይነት ተለወጠ" ብለው ያምኑ ነበር፤ ዛሬም በየጋራዡ "ብረቱ ደርቋል" ሲባል የሚሰማው የዚያው እምነት ዘመድ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ራንኪን ግን የተሰበሩ አክስሎችን መርምሮ ስብራቱ ከላይኛው ገጽ፣ ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚዞርበት ሹል ጥግ ላይ እንደሚጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ አሳየ። ጥጉ ክብ ተደርጎ እንዲሠራም መከረ። ዛሬ አንድ ባለሙያ ቶርኖ ላይ ዘንግ ሲቆርጥ ያቺን ጥግ ካላከበባት፣ የ180 ዓመት ዕድሜ ያለውን ምክር ጥሏል ማለት ነው።

የዘርፉ እውነተኛ አባት የፕሩሲያው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ነው። እስከ 1870 ድረስ ለዓመታት አክስሎችን እያሽከረከረ ሲሰብር ኖሮ ሁለት ነገር አገኘ። የሚመላለሰው ጫና ባነሰ ቁጥር ብረቱ የሚችለው ዙር በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ከተወሰነ ልክ በታች ደግሞ ብረቱ ጭራሹን የማይሰበር ይመስላል፤ ልኩ በለሰለሰ የሙከራ ብረት ላይ ከመበጠሻ ጥንካሬው ግማሽ አካባቢ ነው። አሉሚኒየም ይህ ግልጽ ልክ የለውም። በ1903 ብሪታንያውያኑ ዩዊንግና ሃምፍሪ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ፣ በብረቱ ቅንጣቶች ላይ በየምልልሱ ቀጫጭን የመንሸራተት መስመሮች ሲወጡ፣ ሲወፍሩ፣ በመጨረሻም ሲሰነጠቁ ተመለከቱ። ብረቱ አልተለወጠም፤ እዚያው እየተንሸራተተ ራሱን በላ።

የሺሺንዳን የወፍጮ ቤት ዘንግ በቮለር ዓይን እንየው። ቺንጋው ዘንጉን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፤ ዘንጉ ሲዞር እያንዳንዱ የገጹ ነጥብ በአንድ ዙር አንዴ ይለጠጣል፣ አንዴ ይጨመቃል። በደቂቃ 1,000 ጊዜ ቢዞር በሰዓት 60,000 ምልልስ ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ በሁለት ቀን ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋል፤ በሦስት ሳምንት 10 ሚሊዮን ያልፋል። ስለዚህ ዘንጉ ዕድሜ የሚኖረው ከዚያ ከማይሰበርበት ልክ በታች ከሠራ ብቻ ነው። ቺንጋው ከመጠን በላይ ከተወጠረ ወይም ኩሽኔታው ተበልቶ ዘንጉ ከተጣመመ ልኩ ይታለፋል። ዝገትም አለ። ዝገት ገጹን ይቦረቡራል፤ ቡርቡሩ የስንጥቅ ማብቀያ ይሆናል፤ እርጥበትና ምልልስ ሲገናኙም ያ "የማይሰበርበት ልክ" የሚባለው ይጠፋል። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚወርድበት በካፋ ምድር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቅባትና ቀለም እዚህ አገር የብረቱ ዕድሜ ናቸው።

ወፍጮው ግን ቀላሉ ነው፤ ምልልሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። መንገድ እንዲህ አይደለም። አንዱ ጉድጓድ ጥልቅ፣ ሌላው ጠባብ፣ አንዱ ጉዞ ባዶ፣ ሌላው ጭነት የተትረፈረፈበት ነው። የቀጣዩን ምት ልክ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። እንዲህ ያለው የዘፈቀደ ጫና ለመሐንዲሶች የራስ ምታት ሆኖ ቆይቷል። ጀርመናዊው ኤርንስት ጋስነር በ1939 ትልልቁንና ትንንሹን ጫና በልኩ አሰባጥሮ መፈተን ሲጀምር አንድ ትልቅ በር ተከፈተ።

ሌላው በር የሂሳብ ነው። ስዊድናዊው አርቪድ ፓልምግሬን በ1924 ለኩሽኔታ፣ አሜሪካዊው ሚልተን ማይነር በ1945 ለአውሮፕላን ብረት ያቀረቡት ስሌት ከሱቅ የዱቤ ደብተር ጋር አንድ ነው። አንድ ብረት ትንሹን ምት 1 ሚሊዮን ጊዜ፣ ትልቁን ምት 10,000 ጊዜ ብቻ የሚችል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ምት የአንድ ሚሊዮንኛ፣ እያንዳንዱ ትልቅ ምት የአንድ አሥር ሺህኛ ዕዳ ያስመዘግባል። ድምሩ 1 ሲሞላ ብረቱ ይሰበራል። ስሌቱ ፍጹም አይደለም። የምቶቹን ቅደም ተከተል አይቆጥርም፤ አንድ ከባድ ጉተታ አንዳንዴ የስንጥቁን ጫፍ ጨምቆ እድገቱን ለጊዜው እንደሚያዘገየውም አያውቅም። ስለዚህ ብረት ድምሩ 1 ሳይሞላም፣ 1 ካለፈ በኋላም ሲሰበር ይታያል። ቢሆንም እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ይኸው ነው፤ እኔም በዚህ ዘርፍ ከወጡት ሐሳቦች ሁሉ ለባለ መኪና የሚጠቅመው ይህ ነው እላለሁ። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ባሌስትራ የሚገዛ ሰው ብረቱን ከነዕዳው ነው የሚገዛው። ቀለም ቢቀባም ዕዳው አይሰረዝም።

በደብተሩ ላይ ምን ይመዝገብ? አንድ መኪና ባዶውን ሄዶ ጭኖ ሲመለስ ለባሌስትራው አንድ ትልቅ ምልልስ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያሉት ሺህ ጉድጓዶች ደግሞ በዚያ ላይ የተሳፈሩ ትንንሽ ምልልሶች ናቸው። ትንንሾቹን ብቻ የቆጠረ ሰው ትልቁን ያጣል። ለዚህ መፍትሔ ያገኙት ጃፓናውያኑ ማትሱኢሺና ታትሱኦ ኤንዶ ናቸው፤ በ1968። የጫናውን መዝገብ ገልብጠው ቢያቆሙት እርከን በእርከን የተደራረበ የቤተ መቅደስ ጣሪያ መሰላቸው። በየጫፉ ላይ ዝናብ እንደሚወርድ አሰቡ፤ ውሃው ክዳኑን ተከትሎ ይወርዳል፣ ከጠርዙ ወደ ታችኛው ክዳን ይንጠባጠባል፣ ከላይ የመጣ ፈሳሽ ሲገጥመው ይቆማል። እያንዳንዱ ፈሳሽ የሄደበት ርቀት ግማሽ ምልልስ ነው። ዘዴው "የዝናብ ፍሰት ቆጠራ" ይባላል፤ በዓለም ዙሪያ የመኪናም የአውሮፕላንም ዕድሜ የሚሰላው በእሱ ነው። ክረምቱን የቆርቆሮ ጣሪያ ጠብታ ሲሰማ ለሚያድር የካፋ ልጅ ይህን ማስረዳት ከባድ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ንዝረትን በፍጥነቱ መለየት ነው። የመኪናው አካል በሰከንድ 1 እስከ 3 ጊዜ፣ ጎማና አክስሉ ደግሞ 10 ጊዜ አካባቢ መወዛወዝ ይወዳሉ። እንደ ቆርቆሮ የተሸነተረ የጠጠር መንገድ ላይ ጉብታዎቹ በ60 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 9 ጊዜ ይመታል፤ ከአክስሉ የራሱ ንዝረት ጋር ገጥሞ ያጎላዋል ማለት ነው። ከዚህ ዓይነት የንዝረት መዝገብ በቀጥታ ወደ ዕድሜ ስሌት የሚያሻግረውን ታዋቂ ቀመር ቱራን ዲርሊክ በ1985 አቀረበ።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ሾፌርና ባለንብረት ሊያውቁት የሚገባው የጭነት ቁጥር ነው። በተበየደ ብረት ላይ ጉዳቱ የሚያድገው በጫናው ኩብ (ጫና × ጫና × ጫና) ነው። ሻንሲ ላይ ጫናው በ20 በመቶ ቢጨምር ጉዳቱ 1.7 እጥፍ ይሆናል፤ ዕድሜው ወደ ግማሽ ተጠግቶ ይወርዳል። ጫናው እጥፍ ቢሆን ጉዳቱ 8 እጥፍ ነው። በጎማ በኩል ደግሞ ዙሩ ብዙ ነው። ዙሪያው 2.5 ሜትር የሆነ ጎማ በኪሎ ሜትር 400 ጊዜ ይዞራል፤ ከቦንጋ አዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቸርኬው በአንድ ጉዞ 184,000 ጊዜ ይታጠፋል። ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ከሚሊዮን ያልፋል። ዳዶው በደንብ ከጠበቀ ቡሎኑ ከዚህ ምልልስ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ዳዶው ከላላ ሙሉው በቡሎኑ ላይ ያርፋል።

የሺሺንዳ ቤቶች ጣሪያም በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው። በ1974 የገና ዕለት ትሬሲ የተባለው አውሎ ነፋስ የአውስትራሊያዋን የዳርዊን ከተማ አብዛኛውን ቤት አፈረሰ። ምርመራው ያሳየው ቆርቆሮው በአንድ ኃይለኛ ነፋስ እንዳልተነቀለ ነው፤ ነፋሱ እያነሳ እየጣለ በሚስማሩ ዙሪያ ሰነጠቀው፣ ከዚያ ሚስማሩ ቀርቶ ቆርቆሮው ሄደ። ሚስማር የሚያራርቅና ስስ ቆርቆሮ የሚመርጥ ባለቤት ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ትልልቆቹ አደጋዎች ዘርፉን ገርተውታል። በ1954 ኮሜት የተባሉት ሁለት የጄት መንገደኛ አውሮፕላኖች በሦስት ወር ልዩነት በአየር ላይ ተበታትነው 56 ሰው ሞተ። እንግሊዞች ሌላ ኮሜት በውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው ደጋግመው ሲያስጨንቁት፣ የበረራውና የሙከራው ድምር 3,057 ሲደርስ ተሰነጠቀ። መጋቢት 27 ቀን 1980 በሰሜን ባሕር ላይ አሌክሳንደር ኪላንድ የተባለው የነዳጅ ሠራተኞች ተንሳፋፊ መድረክ ሲገለበጥ 123 ሰው አለቀ፤ መነሻው በአንድ የማሰሪያ ብረት ላይ የነበረ ደካማ ብየዳ ሲሆን የሞገዱ ዘፈቀደ ምት አሳደገው። ነሐሴ 17 ቀን 2009 በሩሲያ የሳያኖ ሹሼንስካያ የውሃ ኃይል ማመንጫ የአንዱ ተርባይን ክዳን ቡሎኖች በድካም ተሰንጥቀው ተበጠሱ፤ 75 ሠራተኞች ሞቱ። ኤሌክትሪኩን በአብዛኛው ከውሃ ለሚያገኝ አገር፣ ከግልገል ጊቤ እስከ ሕዳሴ ድረስ የተርባይን ቡሎን ምርመራ ተራ ሥራ እንዳይመስለን።

በ1963 ፖል ፓሪስና ኤርዶጋን ስንጥቅ በየምልልሱ በምን ያህል እንደሚያድግ የሚያሰላ ቀመር አወጡ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን ጥገና አስተሳሰብ ተለወጠ፤ ስንጥቅ መኖሩ አይቀርም፤ ሥራው አደገኛ መጠን ሳይደርስ ማግኘት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቦሌ የጥገና ማዕከሉ አውሮፕላኖችን በየጊዜው ፈትቶ የሚመረምረው በዚህ መሠረት ነው። በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ አካሉ በአብዛኛው ከካርቦን ቃጫ የተሠራ ስለሆነ የአሉሚኒየምን ድካም በከፊል ሸሽቶታል።

ከሺሺንዳ ጋራዥ የአየር መንገዱ ዓይነት የምርመራ መሣሪያ አይጠበቅም። የድሮ የባቡር ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ይበቃል። ብረቱን ከጭቃና ከቅባት አጽዱት፤ ላምባ ቀቡት፤ ጥቂት ቆይታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የገባበት ላምባ ወጥቶ በነጩ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። በተለይ የባሌስትራውን መሃል፣ ከአክስሉ ጋር የሚታሰርበትን ቦታ፣ የሻንሲውን የብየዳ ጫፎች፣ በቸርኬው የቡሎን ቀዳዳዎች ዙሪያ እዩ። ስለ ብየዳ አንድ ነገር ልጨምር። የባሌስትራ ብረት በእሳትና በቅዝቃዜ ጠንክሮ የተሠራ ነው፤ ብየዳ ያን ጥንካሬ ያጠፋዋል፣ ከብየዳው አጠገብም እንደ ሸክላ የሚሰባበር ቀለበት ይተዋል። በተበየደ ባሌስትራ ጭኖ ወደ ጎጀብ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ከኋላውና ከፊቱ ሰው አለ።

ክረምቱ ሲያልፍ፣ ቡናው ሳይቀላ፣ መስከረም ላይ መኪናችሁን አጥባችሁ በላምባና በጠመኔ ፈትሹ። የተሰነጠቀ ቅጠል ካገኛችሁ አትበይዱት፤ ለውጡት።