«ደክሞኛል» የሚሉ ባሎች

ስትሪትሃም ውስጥ የማውቃቸውን ባለትዳር ወንዶች «እንዴት ነህ?» ብትሏቸው መልሱ «ደክሞኛል» ነው። ሥራ በዛ፣ ፀሐይ ጠፋ ይባላል። ድባቴን በስሙ የሚጠራው ግን የለም።

እዚህ ሐኪሞች የሚያስሞሉት ፒኤችኪው-9 የሚባል መጠይቅ አለ። ስላለፉት 2 ሳምንታት እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካምና ደስታ ማጣት የመሳሰሉ 9 ጥያቄዎች አሉት። እኔ ስሞላው 12 ነጥብ ወጣ፤ መካከለኛ ድባቴ ማለት ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን አገላብጣ «ቁጣህስ የቱ ላይ ነው የሚሞላው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከዘጠኙ አንዱም ስለ ቁጣ አይጠይቅም። ብዙ ወንድ ደግሞ ሐዘኑ የሚወጣው በንጭንጭ፣ በመጠጥ ወይም በዝምታ ነው። ሚስት «ጠልቶኛል» ብላ ትረዳዋለች። (በሙያዬም የሚያስፈራኝ ስህተቱን የማይናገር ሲስተም ነው።)

በእንግሊዝ የኤንኤችኤስ የንግግር ሕክምና ነፃ ነው፤ ጂፒ ዘንድ የተመዘገበ ሰው ያለ ሐኪም ደብዳቤ ራሱ ማመልከት ይችላል። በሁሉም ሰፈር ባይገኝም፣ ባልና ሚስት አብረው የሚገቡበት የድባቴ ሕክምናም አለ። አስተርጓሚ ይጠየቃል፤ ሚስት ግን አታስተርጉም፤ ስለ ራሷ የሚወራውን እንዴት ታድርገው?

ብሪታንያ ውስጥ ራሳቸውን ከሚያጠፉ 4 ሰዎች 3ቱ ገደማ ወንዶች ናቸው። ባል ይህን ካነሳ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ 111 ደውሎ 2ን መጫን ነው።