ሞቃት አገር በብርድ ሌሊት
ስለ ሙቀት ፓምፕና ስለ ጥገናው ሙያ

ብርድ የለመደ ሕዝብ ለብርድ ይሰናዳል፤ ግድግዳውን ያወፍራል፥ ማገዶውን ይከምራል፥ ወፍራም ልብሱንም ከሣጥን አስቀድሞ ያወጣል። ሙቀት የለመደ ሕዝብ ግን ብርድ የሚጐበኘው በዓመት ጥቂት ሌሊት ብቻ ስለ ሆነ፥ እንግዳው ደጅ እስኪቆም ድረስ ቤቱን አያሰናዳም። ስለዚህ በሞቃት አገር የሚኖር ሰው በብርድ የሚጐዳው ብዙ ጊዜ የብርዱ ኀይል ታላቅ ሆኖ ሳይሆን መሰናዶው ታናሽ ሆኖ ነው። ለዚህም በአሜሪካ ደቡብ የምትገኘው ፍሎሪዳ መልካም ምሳሌ ትሆናለች።

ፍሎሪዳ በሦስት ወገን በባሕር የተከበበች፥ ብርቱካን የሚበቅልባት፥ የሰሜኑን ብርድ የሚሸሹ ብዙ ሽማግሌዎች የሚሰፍሩባት አገር ናት። ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፌብሩዋሪ 1899 ዓ.ም. በታላሐሲ ከተማ የብርዱ መጠን ከዜሮ በታች ወደ 19 ዲግሪ ያህል ወርዶ ነበር። በጃንዋሪ 1977 በደቡቧ ከተማ በማያሚ እንኳ የበረዶ ብናኝ ታይቷል። በጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ባለችው በፔንሳኮላ ከ22 ሴንቲሜትር የሚበልጥ በረዶ መሬቱን ሸፍኖታል። እንዲህ ያለው ብርድ በየዓመቱ ባይመጣም ሲመጣ ቀጠሮ አይሰጥም።

በዚህ አገር ቤቱ የሚሞቀው አብዛኛውን ጊዜ በኤሌክትሪክ ነው። በብዙዎቹም ቤቶች ውስጥ በሙቀት ወራት የሚያቀዘቅዘውና በብርድ ወራት የሚያሞቀው አንዱና ያው መኪና ነው፤ ስሙም የሙቀት ፓምፕ ይባላል። ስሙ ሥራውን ይገልጠዋል፤ የውሃ ፓምፕ ውሃን ከጕድጓድ ስቦ ወደ ከፍታ እንደሚያወጣ፥ ይህም መኪና ሙቀትን ከቀዝቃዛው ስፍራ ስቦ ወደ ሞቃቱ ያወጣል። በሙቀት ወራት የቤቱን ሙቀት ቀድቶ ወደ ውጭ ያፈሳል፤ በብርድ ወራት ደግሞ የውጭውን አየር ሙቀት ቀድቶ ወደ ቤት ያስገባል።

ቀዝቃዛ አየር ሙቀትን ከየት ያመጣል የሚል ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። ለእጃችን የቀዘቀዘ አየር ጨርሶ ሙቀት የሌለው አይደለም። በቧንቧው ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ከውጭው አየር ይልቅ የቀዘቀዘ ስለ ሆነ፥ ሙቀቱ ከአየሩ ወደ ጋዙ ይፈሳል። ከዚያም ኮምፕረሰር የተባለው መጭመቂያ ጋዙን ሲጨምቀው ትኵሳቱ ከፍ ይላል፤ በቤት ውስጥ ባለው የቧንቧ ጥቅልም ሲያልፍ ሙቀቱን አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ሲወድቅ እንደገና ይቀዘቅዝና ሌላ ሙቀት ሊቀዳ ወደ ውጭ ይመለሳል።

ይህ ጥበብ ዛሬ የተወለደ አይደለም። በዚያው በፍሎሪዳ፥ አፓላቺኮላ በተባለች የወደብ ከተማ፥ ጆን ጎሪ የተባለ ሐኪም በትኵሳት የሚሠቃዩትን ሕመምተኞቹን ለማቀዝቀዝ ሲል በረዶ የሚሠራ መኪና አበጅቶ በ1851 የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ሆኖም በ1855 ሲሞት የድካሙን ዋጋ አላገኘም ነበር። የብሪታንያው ሊቅ ዊልያም ቶምሰን፥ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፥ እንዲህ ያለ መኪና ቤትን ለማሞቅ እንደሚያገለግል በ1852 ጽፏል። በ1938 በስዊስ አገር የዙሪክ ከተማ ምክር ቤት ሕንጻ ከወንዝ ውሃ በተቀዳ ሙቀት እንዲሞቅ ተደረገ።

ነጋዴ የሆነ ሰው የመኪናውን ጥቅም በሒሳብ ቢመረምረው ይረዳዋል። አንድ ቤት በብርድ ሌሊት 9 ኪሎዋት ሙቀት ያስፈልገዋል እንበል። በሚግል ሽቦ የሚሠራ ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይህን ሙቀት ለመስጠት 9 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ይበላል። የሙቀት ፓምፕ ግን ብርዱ እጅግ ካልበረታ 3 ኪሎዋት ያህል ብቻ በልቶ የቀረውን ሁለት እጅ ከውጭው አየር ያመጣዋል። በ10 ሰዓት ሌሊት አንዱ 90፥ ሌላው 30 ኪሎዋት ሰዓት ይቈጥራል ማለት ነው። ቤቱ የሞቀው በእኩል ነው፤ የሚከፈለው ሒሳብ ግን አንዱ የሌላው ሦስት እጥፍ ነው።

እንግዲህ የጥገናው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የፍሎሪዳው መኪና ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ቤት ሲያቀዘቅዝ ይኖራል። የጋዙን መንገድ የሚያዞረው ባለ አራት አፍ ቫልቭ ለብዙ ወራት በአንድ ወገን ብቻ ይቈማል። የመጀመሪያው ብርድ በገባ ሌሊት ባለቤቱ መቈጣጠሪያውን ወደ ማሞቂያ ሲያዞር፥ ሲሠራ የኖረው መኪና በድንገት እንቢ ሊል ይችላል። ጕድለቱ በዚያ ሌሊት የተወለደ ይመስላል እንጂ፥ ምናልባት ለወራት ተሸሽጎ የኖረ ነው። በዚያው ሌሊት ጎረቤቱም የጎረቤቱም ጎረቤት ባለሙያ ስለሚጠራ፥ ጠሪው ብዙ ተጠሪው ጥቂት ይሆናል። ሳይደርቅ በእርጥብ ሳይርቅ በቅርብ እንደሚባለው፥ ብልህ ባለቤት በኦክቶበር ወር ገና ሙቀት ሳለ ማሞቂያውን ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ይፈትነዋል።

ባለሙያ ከመጥራት አስቀድሞ ግን ጕድለት የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ያስፈልጋል። ከሙቀት ፓምፕ የሚወጣው አየር ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፥ በጋዝ ወይም በዘይት እሳት እንደሚሞቅ አየር እጅን አያቃጥልም። ስለዚህ ብዙ ሰው መኪናው ደከመ ብሎ ይከሳል፤ ነገር ግን ቤቱ ቀስ በቀስ እየሞቀ እንደ ሆነ ጕድለት የለም። እንደዚሁም በብርድ ጊዜ የውጭው ጥቅል አመዳይ ይለብሳል፤ መኪናውም ይህን ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ ሥራውን ወደ ማቀዝቀዝ ሲገለብጥ የውጭው ማራገቢያ ይቈማል፥ እንፋሎትም ይነሣል። ይህን አይቶ ቤቴ ተቃጠለ ብሎ የሚጮኽ አይጠፋም። ጕድለት የሚባለው በረዶው ለብዙ ሰዓት ሳይቀልጥ ጥቅሉን እንደ ግድግዳ ሲሸፍነው ነው። ያን ጊዜም በቢላዋ መፈርፈር የተከለከለ ነው፤ ቀጭኑ ቧንቧ ቢበሳ ትንሹ ጕዳት ትልቅ ይሆናልና።

እውነተኛ ከሆኑት ጕድለቶች ብዙዎቹ ጥቃቅን ናቸው። በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያ አየሩን ያንቀዋል፤ አየር ሲያንስም ግፊቱ ይነሣና መኪናው ራሱን ያጠፋል። ሞተሮቹን የሚያስነሣው ካፓሲተር የተባለው ቆርቆሮ በሙቀት ብዛት ይደክማል። ጕንዳኖችም ኤሌክትሪኩን በሚከፍትና በሚዘጋው ማብሪያ መካከል ገብተው እየሞቱ መንገዱን ይዘጋሉ፤ ይህ በአሜሪካ ደቡብ ዘወትር የሚያጋጥም ነገር ነው። በጠረፍ ከተሞች ደግሞ የባሕር ጨው አሉሚኒየሙንና መዳቡን ይበላል፤ ብረቱን ከባሕር ነፋስ ለማዳን የሚደክም የወደብ ሰው ሁሉ ይህን ጠላት ያውቀዋል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዐይነት ሰው ይመጣል። አንደኛው ደጅ ላይ ቆሞ ገና ሳይመረምር ጋዝ አልቋል ይላል፤ ጋዝ ሞልቶም ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ሁለተኛ ዋጋ ይቀበላል። ጋዝ ግን እንደ ቤንዚን በሥራ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ቧንቧው እስካልተበሳ ድረስ ለመኪናው ዕድሜ ሁሉ ይበቃል። ጐደለ ማለት አንድ ስፍራ ፈሰሰ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላትም በተቀደደ ስልቻ እህል መስፈር ነው።

ሁለተኛው ሰው ከመናገሩ በፊት ይለካል። ማጣሪያውን ያያል፥ የኤሌክትሪኩን ኀይል ይመዝናል፥ የጋዙን ግፊትና የቧንቧውን ትኵሳት ይመረምራል። ከባለ አራት አፉ ቫልቭ የሚገቡትንና የሚወጡትን ቧንቧዎች ትኵሳትም ያነጻጽራል። ይህ መጨረሻው ነገር ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቫልቩ መካከል ላይ ተቀርቅሮ የቀረ እንደ ሆነ ትኵሱ ጋዝ ወደ መምጠጫው ወገን ሾልኮ ስለሚመለስ፥ ኮምፕረሰሩ የሞተ ይመስላል። ያልመረመረው ሰው ከመኪናው ሁሉ ውዱን ክፍል፥ ኮምፕረሰሩን፥ ያስለውጣል፤ የመረመረው ግን የታመመውን ብቻ ያክማል።

ጋዝ የፈሰሰ እንደ ሆነ እውነተኛው ባለሙያ የቀረውን ጋዝ በዕቃ ይሰበስባል። ቧንቧውን በናይትሮጂን ሞልቶ ቀዳዳውን በሳሙና ዐረፋ ወይም በመመርመሪያ መሣሪያ ይፈልጋል፤ በኦክሲጂን ግን ፈጽሞ አይሞላም፥ ኦክሲጂን ከመኪናው ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳልና። ቀዳዳውን በብየዳ ከደፈነ በኋላ ውስጡን በመምጠጫ ፓምፕ አድርቆ አየሩንና እርጥበቱን ያወጣል፤ የቀረ እርጥበት ከዘይቱ ጋር አሲድ ሆኖ ኮምፕረሰሩን ይበላዋልና። ከዚያም በመኪናው ሰሌዳ የተጻፈውን የጋዝ መጠን በሚዛን መዝኖ ይሞላል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚከፈለው ዋጋም ለጋዙ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጥንቃቄ ነው።

ነገሩ የአንድ ቤት ጕዳይ ብቻ ስላልሆነ መንግሥትም ገብቶበታል። በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ጋዝ ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ ከ1992 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጋዙን የሚይዝ ሠራተኛም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። አር 22 የተባለው አሮጌው ጋዝ ምድርን ከፀሓይ ጨረር የሚጋርደውን የኦዞን ሽፋን ስለሚጐዳ፥ ከ2020 መግቢያ ጀምሮ በዚያ አገር አዲስ እንዳይሠራና ከውጭ እንዳይገባ ተደርጓል። እርሱን የተኩት ጋዞች ደግሞ የምድርን ሙቀት የሚጨምሩ ሆነው ስለ ተገኙ፥ መንግሥታት በኦክቶበር 2016 በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ተሰብስበው ቀስ በቀስ ሊቀንሷቸው ተስማምተዋል። በአዳዲሶቹ የአሜሪካ መኪናዎች የሚገቡት ጋዞች በመጠኑ እሳት የሚይዙ ናቸው፤ ስለዚህ ያልተማረ እጅ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የበለጠ አደገኛ ሆኗል። በፍሎሪዳም የዚህ ሥራ ተቋራጭ የመንግሥት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ቤቱን የሚከፍትለትም ሰው ፈቃዱን ጠይቆ የመመርመር መብት አለው።

ሌላም የተሸሸገ ኪሳራ አለ። በብዙው የሙቀት ፓምፕ ውስጥ ለክፉ ቀን የተቀመጠ የሚግል ሽቦ አለ፤ በመቈጣጠሪያውም ላይ የድንገተኛ ማሞቂያ የሚል ምልክት ይገኛል። መኪናው በተበላሸ ሌሊት ይህን ማብራት ተገቢ ነው። ነገር ግን ቤቱ ስለ ሞቀለት ጥገናውን የረሳ ባለቤት፥ ከላይ በሒሳቡ እንደ ታየው በየሌሊቱ ሦስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይበላል። የወሩ ሒሳብ ሲመጣም የኤሌክትሪክ ኩባንያውን ይራገማል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም፤ እዚህ ላይ ግን በሽታውን የሸሸገው ሙቀቱ ራሱ ነው።

ከገንዘብም የሚበልጥ ኪሳራ አለ። ማሞቂያ ያጣ ሰው ከሰል በምድጃ አቀጣጥሎ ወይም ጄኔሬተር አስነሥቶ በተዘጋ ቤት የተኛ እንደ ሆነ፥ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ አየር በእንቅልፉ ሊገድለው ይችላል። በፌብሩዋሪ 2021 በሞቃቱ የቴክሳስ አገር ብርድ ወድቆ ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ፥ የጤና መሥሪያ ቤቱ የቈጠራቸው ሙታን 246 ነበሩ። ብዙዎቹን የገደለ ብርዱ ራሱ ነበር፤ ከሰል ወይም ጄኔሬተር በቤት ውስጥ ተጠቅመው በመርዘኛው አየር የሞቱም አሉባቸው። የዚያ ጥፋት ምክንያት የኤሌክትሪክ እጦት እንጂ የመኪና ብልሽት አልነበረም፤ ነገር ግን ማሞቂያ በሌለበት ሌሊት ሰው ምን እንደሚያደርግ በግልጥ አሳይቷል። ሽማግሌና ሕፃን ባሉበት ቤት የመኪናው ጥገና የድሎት ሳይሆን የነፍስ ነገር ነው።

ስለዚህ ባለቤት የሆነ ሰው ባለሙያውን ሦስት ነገር ይጠይቀው፤ ምን ለካህ? ቀዳዳው የት ተገኘ? ስንት ጋዝ በሚዛን ጨመርህ? መልሱም በደረሰኙ ላይ ይጻፍለት። እውነተኛው ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቈጣም፤ እንዲያውም ሥራው ስለ ታየለት ደስ ይለዋል። የሚቈጣው ሳይለካ የሞላው ነው። መኪናውን የሠሩት ሊቃውንት ከቀዝቃዛ አየር ሙቀት መቅዳት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ በብርድ ሌሊት ያ ሙቀት ወደ ቤት መግባቱ ግን በሚዛኑ በታመነ አንድ ሠራተኛ እጅ ነው።