ስትሮክ፦ ምልክቱን መለየትና ሰዓቱን መያዝ

በጤና የዋለ ሰው ድንገት አፉ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም ብዙዎቻችን «ምች መታው» ብለን ዳማ ከሴ ፍለጋ እንሮጣለን። ይህ ግን የስትሮክ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስትሮክ የአንጎል ደም ሥር በመዘጋቱ ወይም በመፈንዳቱ የሚደርስ ጉዳት ነው።

አንጎላችን የሰውነታችንን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ቢይዝም፣ ከምንጠቀምበት ኦክስጅን 20 በመቶ ገደማ የሚወስደው እርሱ ነው። የሚያጠራቅመው ስንቅ ግን የለውም። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ጄፍሪ ሴቨር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ካልታከመ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ።

ታዲያ ምልክቱን እንዴት እንለየው? ሦስት ነገሮችን እንፈትሽ።

ፊት፦ ፈገግ እንዲል ስንጠይቀው አንዱ ጎን ይወርዳልን?
ክንድ፦ ሁለቱን ክንዶቹን ዘርግቶ ሲያነሣ አንዱ ይዝላልን?
ንግግር፦ አጭር ዓረፍተ ነገር ሲደግም ይኮላተፋልን?

ንግግሩን በአፍ መፍቻ ቋንቋው መፈተሽ ይገባል። ኩርሙክ ውስጥ በርታኛ ተናጋሪ የሆኑ አባት በአማርኛ ቢደናቀፉ ምልክት አይደለም፤ በበርታኛ ከተደናቀፉ ግን ቤተሰባቸው ወዲያው ያውቀዋል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ከታየ መጠራጠር ይበቃል። ምልክቱ ቢጠፋም ሌላ ስትሮክ ሊከተል ስለሚችል ሕክምና አይቀርም።

የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ደም ለፈሰሰበት ሕመምተኛ ግን አደገኛ በመሆኑ፣ አስቀድሞ በሲቲ ስካን መለየት ግድ ነው። በሱዳን ድንበር ካለችው ኩርሙክ አሶሳ ለመድረስ መንገዱ ራሱ ሰዓት ይወስዳል። መንገዱን ማሳጠር ባንችልም፣ ቤት ውስጥ የሚባክነውን ጊዜ ማስቀረት እንችላለን። መድኃኒቱ በማይገኝበት ስፍራ እንኳ ፈጥኖ የደረሰ ሕመምተኛ የአተነፋፈስ፣ የደም ግፊትና የአመጋገብ ክትትል ያገኛል።

ስለዚህ ወዲያው አምቡላንስ ወይም የተገኘውን መኪና እንጥራ። ሕመምተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና የታየበትን ሰዓት እንመዝግብ፤ ማታ በ3 ሰዓት ደኅና ተኝቶ ንጋት በ12 ሰዓት ታሞ ከተነሣ፣ ለሐኪሙ የምንነግረው የማታውን 3 ሰዓት ነው። ትን ሊለው ስለሚችል ምግብ፣ ውኃም ሆነ አስፕሪን አንስጠው። ራሱን ከሳተ በጎኑ እናስተኛው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ እነዚህን ሦስት ምልክቶች ለቤተሰባችን በሚገባቸው ቋንቋ እንንገራቸው።